ምርቃታችሁን ለእጀባ አትስጡ

የእብናት፣ የሊቦ፣ የፋርጣና የበለሳ ሽማግሌዎች፣ የዕድሜ እኩዮቼ! ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ለወጣቱ አልጻፍሁትም፤ ወጣቱ የሚሄደው እኛ በመረቅነው በኩል ነውና ከምንጩ መጀመር ይሻላል ብዬ ነው።

በለቅሶ ድንኳን፣ በሰንበቴ፣ በእድር ስብሰባ ላይ የምንለውን እየሰማሁ ሰነበትሁ። የማዳበሪያ ዋጋ ይነሣል። አንዱ “መርከቡ በየመን በኩል እየተመታ እንዴት ይርከስ” ይላል። ሌላው ቀበል ያደርግና “ባሕር ኃይል ቢኖረን ማን ይደፍረን ነበር” ይላል። ሦስተኛው ወደ አገር ውስጡ መንገድ ይመለስና “ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ኦራል ወታደር ከፊትና ከኋላ ይመደብለት” ይላል። ከዚያ ከእኛ አንዱ እጁን ዘርግቶ “እግዜር ያበርታቸው፣ ልጆቻችንም ይሂዱ፣ ድል ያድርጉ” ብሎ ይመርቃል፤ እኛም “አሜን” እንላለን። በድንኳኑ ጥግ የተቀመጠ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያን አሜን ይዞ ይወጣል።

እኔ ከዚያ አሜን ወጥቻለሁ። እናንተም እንድትወጡ ነው የምለምነው። ጦር ጭነትን ለጥቂት ቀን ሊከልል ይችላል። መንገድን የሚከፍተው ግን በመንገዱ ዳር ከሚኖረውና ጠመንጃ ከያዘው ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው፤ በባሕርም ቢሆን፣ በአቀበትም ቢሆን። ያን ስምምነት ለማምጣት በሁለቱም ወገን የሚታመን ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱን ወገን “ድል ያድርግ” ብሎ የመረቀ ሽማግሌ ደግሞ ከሌላው ወገን ዘንድ መግቢያ የለውም።

ባሕርና እብናት ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር 1977 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ያኔ ከተማችን የረሃብተኛ መጠለያ ነበረች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቅርብም ከሩቅም ተሰብስቦ በጎጆና በድንኳን፣ ብዙውም በሜዳ ላይ ሰፍሮ ነበር። ያን ሰው ያቆየው ስንዴ ከፋርጣ ጎተራ አልወጣም። በወደብ ከመርከብ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና ስንት ተራራ ወጥቶና ወርዶ የደረሰ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ መጠለያው በኃይል ተበትኖ ጎጆዎቹ በእሳት ሲያያዙ፣ ያን ያህል ባሕር ተሻግሮ የመጣ እህል ሳለ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ወደ በረሃው መንገድ ተነዳ። ያን ያየ የእብናት ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፦ ሕይወቱ ስሙን በማያውቀው መርከብ ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል፣ ኃይል ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ የመርከቡን ድካም ሁሉ ዐመድ እንደሚያደርገው።

ዛሬም በዚያው ገመድ ላይ ነን። አገሪቱ ከውጭ ጋር ከምትነግደው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በዓመት ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ በዚያ በኩል ይገባል። ከሞሮኮ የሚጫነው በስዌዝ ቦይ ገብቶ፣ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ፣ ባብ ኤል መንደብ የተባለውን ጠባብ በር አልፎ ነው ወደብ የሚደርሰው። በሩ ከዳር እስከ ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወገን ጅቡቲና ኤርትራ፣ በሌላው የመን።

በየካቲት 2016 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በዚያ በር አጠገብ በየመን ታጣቂዎች፣ በሁቲዎች፣ ሚሳይል ተመታች። የጫነችው 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበር፤ በእኛ ስፍር 210 ሺህ ኩንታል። ለቀናት ውሃ ስትጠጣ ቆይታ የካቲት 23 ሌሊት ሰጠመች፤ እኛ የዓድዋን በዓል ልናከብር በተነሣንበት ዕለት። ጭነቱ የእኛ አልነበረም፣ ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬ ነኝና ሳልቆጥር አላለፍሁም፦ ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ቢታሰብ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የሚያለብስ ነገር ነው ለዓሣ የተረፈው። ማንም የማያርሰው ቦታ ላይ ተዘራ።

እንግዲህ “ባሕር ኃይል ቢኖረን” ለምትሉ ወንድሞቼ መልሴ ይኸው፦ ነበረን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተመሠረተ፣ በምጽዋ የተቀመጠ፣ “ኢትዮጵያ” የተባለችውን ትልቅ መርከብ የያዘ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ በሶቪየት መርከቦች የተጠናከረ ባሕር ኃይል ነበረን። ያም ሆኖ በታኅሣሥ 1982 የሻዕቢያ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ቦሌስዋቭ ክሺቮውስቲ የተባለውን የፖላንድ የንግድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ መትተው አነደዱት፤ መርከበኞቹንም ማርከው ወሰዱ። በተከታዩ የካቲት ምጽዋ ራሷ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ወደቡ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ለተራበ ሕዝብ የመጣ እህል በመጋዘን ውስጥ ነደደ። በግንቦት 1983 የተረፉት መርከቦቻችን ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሸሹ፤ “ኢትዮጵያ”ም በሰው አገር ወደብ ቆማ መጨረሻዋ ብረቷ መሸጥ ሆነ።

የባሕር ኃይላችን ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ይህን የሚል ካለ እኔ ፊት አይበል። መርከብ ግን የሚያድረው ወደብ ላይ ነው። ወደቡን የከበበው ተራራ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ የተራራው ሰውም የተጣላህ ከሆነ፣ ባሕሩ ላይ ያለህ መድፍ ሁሉ የሚያድርበት ያጣል። ምጽዋን ያጣናት በሳሕልና በአስመራ ዙሪያ ሳንነጋገር ባሳለፍናቸው ሠላሳ ዓመታት ነው።

ያ የተዘጋ ወደብ እንዴት ተከፈተ? ይህን ብዙዎቻችን ረስተነዋል፤ ወይም ማንም አልነገረንም። በ1983 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ተዋጊዎች መካከል ገብቶ እህል የጫነ መርከብ ምጽዋ እንዲገባ፣ እህሉም በመንግሥት በኩል ላለውም በሻዕቢያ በኩል ላለውም ሕዝብ እንዲካፈል አስማማ። ጦርነቱ ገና አልቆመም ነበር። ሁለቱም እርስ በርስ ይታኮሱ ነበር። መርከቡ ግን ገባ። አውሮፕላንና መድፍ አንድ ዓመት ገደማ ያላደረጉትን አንድ የስምምነት ወረቀት አደረገው።

አሁን ባሕር ኃይሉን ዳግም ለማቋቋም እየተሠራ ነው፤ ሐሳቡ በ2010 ተነገረ፣ በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። አገር ባሕር ኃይል ይኑራት ወይስ አይኑራት የሚለውን የሚያውቁት ይወስኑ። እኔ የምለው፣ ዓለም ላይ ትልቁን ባሕር ኃይል የያዙት በዚያ በር ላይ ያገኙትን ሳናይ ልጆቻችንን እንዳንመርቅ ነው።

ኅዳር 2016 ላይ ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዙ። 25 መርከበኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታገቱ። የምናጠቃው ስለ ጋዛ ጦርነት ነው አሉ። በታኅሣሥ አሜሪካ አጋሮቿን አሰባስባ ፕሮስፐሪቲ ጋርዲያን የሚባል ዘመቻ አወጀች። በጥር አሜሪካና እንግሊዝ የመንን ከአየር መምታት ጀመሩ። በየካቲት የአውሮፓ ኅብረት አስፒዴስ በሚል ስም የራሱን የጦር መርከቦች ለእጀባ ላከ። እጀባው ከንቱ ነበር አልልም። በጦር መርከብ ታጅበው በሰላም ያለፉ መርከቦች ብዙ ናቸው፤ ሰማይ ላይ እያሉ የተመቱ ድሮኖችም እንዲሁ። እጀባ የሚያተርፈው ሰው አለ፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል።

ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ድሮን በጥቂት ሺህ ዶላር ይሠራል። እሱን ከሰማይ የሚያወርደው ሚሳይል 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል። የሚጠብቀው ሁልጊዜ መንቃት አለበት፤ የሚያጠቃው አንድ ቀን ቢቀናው ይበቃዋል። ማሽላ ከዝንጀሮ የጠበቀ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ጠባቂው በላይኛው ዳር ሲጮህ ዝንጀሮው በታችኛው ይገባል። የጦር መርከብ ደግሞ እንደ ልጅ ጠባቂ ርካሽ አይደለም፣ በሁሉም ዳር ሊቆም አይችልም።

ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነጋዴው ነው። ያ ሁሉ የጦር መርከብ ባሕሩ ላይ እያለ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ዞረው መሄድን መረጡ። መንገዱ ከ10 ቀን በላይ ይጨምራል፤ ነዳጁም እንዲሁ። በስዌዝ የሚያልፈው መርከብ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚያ በር ለሚያልፍ መርከብ የጦርነት መድን ክፍያ ለአንድ ጉዞ ወደ መርከቡ ዋጋ 1 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ነጋዴ ገንዘቡን ስለሚወድ እውነቱን ቶሎ ያያል፤ እጀባውን አይቶ “መንገዱ ገና አልተከፈተም” ብሎ ፈረደ። እኛ ደግሞ ከዳር ሆነን ለጦሩ እናጨበጭባለን።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1979 ሐምሌ፣ ኢራንና ኢራቅ ሲዋጉ፣ አሜሪካ የኩዌትን ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በራሷ ባንዲራ ሥር አድርጋ ማጀብ ጀመረች። በመጀመሪያው ጉዞ ብሪጅተን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ ፈንጂ ረገጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ፦ አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች ቀጫጭን ስለነበሩ ፈንጂ እንዳያገኛቸው ከታጀበችው መርከብ ኋላ ተሰልፈው ሄዱ። ነጋዴው ለወታደሩ ጋሻ ሆነ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሰኔ 1980፣ በዚያው ባሕር ላይ የነበረ የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኛ አውሮፕላን የጦር አውሮፕላን መስሎት መታ፤ 290 ሰው አለቀ። እጅህ ምላጭ ላይ ቀን ከሌሊት ካደረ፣ አንድ ቀን የማይገባውን ትመታለህ።

አሁን ወደ እኛ ቤት የገባውን ልንገራችሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2017 አሜሪካ በየመን ላይ ከቀደመው ሁሉ የበረታ የአየር ዘመቻ ጀመረች። ዓላማው የንግድ መርከቦችን መንገድ ማስከበር ነው ተባለ። ሰባት ሳምንት በዘለቀው ዘመቻ ከ1,000 በላይ ዒላማ መምታቷን ተናገረች። ሚያዝያ 20 ሌሊት ሲነጋጋ፣ በሰሜን የመን በሰዓዳ ከተማ አፍሪካውያን ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣናት የሞቱትን 68 ብለው ቆጠሩ። ከሟቾቹም ከቆሰሉትም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያነጋገራቸው ከሞት የተረፉ ልጆች ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከነቁስላቸው የቀሩ፣ አካላቸው የጎደለ።

እነዚያ ልጆች መርከብ አልመቱም። እንደ ኦቦክ ካለ የጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ተሻግረው፣ የመንን በእግር አቋርጠው፣ ሳዑዲ ገብተው ለእናታቸው ቆርቆሮ ሊገዙ የወጡ ናቸው። ከየትኛው ወረዳ እንደነበሩ ስማቸው ሁሉ አልደረሰንም። እናቶቻቸው ግን ዛሬም ስልክ ይጠብቃሉ፤ ከየጎረቤታችን ወደዚያ አቅጣጫ የሄደ ልጅ ያለበት ቤት ስንት ነው? ለማዳበሪያው መርከብ መንገድ ለመክፈት የተጣለ ቦምብ ማዳበሪያውን የሚጠብቀውን የገበሬ ልጅ ገደለ። “ባሕሩን ጦር ያስከብርልን” ብለን ስንመርቅ ይህንም አብረን መርቀነዋል ማለት ነው፤ ቦምብ መርጦ አይወድቅም።

ዘመቻው የቆመው እንዴት ነው? ሚያዝያ 28፣ በኦማን ሸምጋይነት። ግን ስምምነቱ የአሜሪካን መርከቦች ብቻ የሚመለከት ነበር። ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ሰኔ ሲያልቅና ሐምሌ ሲገባ፣ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት የንግድ መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመትተው ሰጠሙ። በኢተርኒቲ ሲ ላይ የታጠቁ ጠባቂዎች ተሳፍረው ነበር። ያም አላዳናት። ከመርከበኞቿ የሞቱ አሉ፣ በሁቲዎች የተያዙም አሉ። ሽምግልና የሠራውን ያህል ሠራ፤ የጎደለው ለሁሉም ባለመሆኑ ነው። ለራሱ ጭነት ብቻ የተስማማ ሰው የሌላውን ጭነት ዒላማ አድርጎ ይሄዳል። እኛም ስለ ራሳችን ወረዳ ብቻ ስንነጋገር ይህን እናስብ።

“የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በጦር መርከብና በታጠቀ ጠባቂ አይደለም ወይ የጠፉት?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓና የሌሎችም የጦር መርከቦች በዚያ ባሕር ተሰማሩ፣ ነጋዴዎችም የታጠቁ ጠባቂዎችን መርከባቸው ላይ አወጡ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠለፋው እጅግ ቀነሰ። የሶማሊያ ወንበዴ ግን የሚፈልገው ብር ነበር። ብር ፈላጊ ኪሳራ ሲበዛበት ሥራውን ይተዋል። ሁቲ ሌላ ነው፤ ከኋላው ተራራ፣ ሕዝብ፣ የሚያነሣው ምክንያትም አለው፤ የተተኮሰበት ሚሳይል ሁሉ ስሙን ያገንንለታል። ምክንያቱን መቀበል አይጠበቅብንም፤ እኔም መርከበኛ መግደልን አልቀበልም። ሌባን የሚያስቆመው መሣሪያ ባለ ነገርን እንደሚያበረታው ግን ማወቅ አለብን። በእኛ አገር ይህን ልዩነት ከሽማግሌ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀማኛ ሲሆን ተከታትለን እንይዛለን፤ ደም ያለበት፣ ተበደልሁ ብሎ ጫካ የገባ ሲሆን ደግሞ እንልካለን፣ እንቀመጣለን፣ ነገሩን ከሥሩ እንሰማለን። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ስም እየጠራን በአንድ መድኃኒት ልናክም ነው።

የአባቶቻችን ነጋዴዎች ከይፋግና ከደሪጣ ተነሥተው እስከ ምጽዋ የሚወርዱት እንዴት ነበር? በነጋድራስ ተመርተው፣ ብዙ ሆነው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው ይሄዱ ነበር። ጦርና ጋሻው ለጅብና ለቀማኛ ነው። የአገር ገዥ ያለበት ኬላ ሲደርሱ ግን ነጋድራሱ ቀድሞ ገብቶ ይነጋገራል፣ ይከፍላል፣ ያልፋል። በጦር እየወጋ ምጽዋ የደረሰ ነጋዴ አልነበረም።

ጦር ያለውም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠርተው እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 በዙላ ከባሕር ወጣ። በዘመኑ በአገራችን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የያዘ ጦር አልነበረም። ያም ሆኖ ከባሕር እስከ መቅደላ ያለውን ረጅም መንገድ ተዋግቶ አልያዘውም። የትግሬውን ካሣ ምርጫን፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የሆኑትን፣ አግኝቶ ተስማማ፤ ለገበሬው ገብስና ሣር በማሪያ ቴሬዛ ብር ከፈለ። መድፉን ያስቀመጠው ለመቅደላ ነው፤ መንገዱን የያዘው በቃልና በብር ነው። የተሸነፍነው ንጉሣችን በመንገዱ ዳር ካለው ሰው ጋር ተጣልተው ስለነበር ነው፤ ይህ ለበጌምድር ሰው ይመራል፣ እውነት ግን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አቀበት እንምጣ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልላችን በመንግሥትና ጫካ በገቡ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ውስጥ ነው። ሾፌሮች ተገድለዋል፣ ታግተው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፣ ረዳቶች በረሃ ላይ ቀርተዋል። ሾፌር ለምን ይታጀብ አልልም፤ ነፍሱ የእሱ ናት፣ ከሞት ወዲህ ያለው ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው። የምለው ለእኛ ነው። እጀባውን “መፍትሔ” ብለን ስንጠራው መንገዱ ወደ ግንባርነት ይለወጣል።

በጥቅምት 1980 በአስመራና በመቀሌ መካከል እህል የጫኑ መኪኖች በሻዕቢያ ተመትተው ተቃጠሉ። 23 መኪና፣ 450 ቶን ገደማ ስንዴ፤ አንድ ሾፌርም ሞተ። ያኔ ትግራይም ወሎም ዳግም ተርቦ ነበር። አጥቂዎቹ ምን አሉ? ከእህሉ ጋር የጦር መሣሪያ የጫኑ መኪኖች ነበሩ አሉ። እውነት ይሁን ሐሰት፣ ያ ምክንያት እህሉን ለማቃጠል በቂ ሆነላቸው። እህልና ጥይት በአንድ ሰልፍ ከሄዱ፣ ጥይቱን የሚፈልግ እህሉን ያቃጥላል። ማዳበሪያም በወታደር መካከል ሲሄድ የወታደሩ ስንቅ ይመስላል። ይህን ለመንግሥት ሰዎችም ለጫካው ሰዎችም እኩል ልንነግራቸው ይገባል፤ ለአንዱ ብቻ የነገርን ቀን ቃላችን ዋጋ ያጣል።

“እንግዲያው ነጋዴው አዋጥቶ የራሱን ታጣቂ ይቅጠር” የምትሉም አላችሁ። ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ዛሬ ለእጀባ የተከፈለው ታጣቂ ነገ ክፍያው ሲቀንስ ምን ያደርጋል? መንገዱን ያውቀዋል፣ መኪናውን ያውቀዋል፣ ባለቤቱንም ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሱ ራሱ ኬላ ይሆናል፤ እንጨት አጋድሞ የሚቆመው እኛ የመረቅነው ልጅ ነው።

ስለ ኤርትራው ወደብ ስለ አሰብም እንዲሁ። አገር ወደብ መፈለጉ ነውር አይደለም፤ በጦር ይገኛል ማለት ግን ሌላ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከየቀበሌያችን የሄዱትንና ያልተመለሱትን እናውቃቸዋለን። አሰብ ያን ጊዜ ተዘግታ ንግዳችን ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እስከ ዛሬም በዚያው አለ። ከሶማሊያ ጋር ግን በሶማሌላንድ የባሕር በር ውል ምክንያት የተነሣው ጠብ በታኅሣሥ 2017 አንካራ ላይ በቱርክ ሸምጋይነት መርገቡን ሰምተናል። እንዲህ ያለው ወሬ ሲመጣ በድንኳን ውስጥ አናነሣውም፤ የጦር ወሬ ግን ሦስት ቀን ይወራል።

እኩዮቼ፣ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልበል። ማንም መጥቶ ለባሕር ዘመቻም ሆነ ለመንገድ እጀባ ምርቃት ቢጠይቃችሁ አትስጡ። ቢቆጣችሁም ዝም በሉ፤ ዝምታ ለሽማግሌ አዲስ ነገር አይደለም። ሹም ቢሆን፣ የጫካ መሪ ቢሆን፣ ባለሀብት ቢሆን፣ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ “በመንገዱ ዳር ካለው ሰው ጋር ማን ተነጋገረ?” የሚል። ማንም ካልተነጋገረ እኛ እንሄዳለን በሉ። በሁለቱም ዘንድ ዘመድ አለን፤ ይህ ስብራታችን ነው፣ ሥራ ላይ ከዋለ ግን ማንም አጃቢ የሌለው ሀብት ነው። ምጽዋ እንደተከፈተች ሁሉ፣ ጦርነቱ ገና ሳይቆም ለማዳበሪያና ለእህል ብቻ መንገድ እንዲለቀቅ፣ መኪኖቹ ወታደር ሳይቀላቅሉ እንዲያልፉ፣ የተጫነው ምን እንደሆነ ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ እንዲነገር፣ ለሁሉም ወረዳ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። አይሆንም ይሉን ይሆናል። ደግመን እንሄዳለን።

ልጆቹንም በግልጽ እንንገራቸው። በኦቦክ በኩል የሚሻገር ልጅ የሰዓዳን ነገር ሳይሰማ አይውጣ፤ በሰንበቴም በትምህርት ቤት ደጅም እንናገር።

ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ገበሬው እጅ መድረስ አለበት፤ ከጅቡቲ እስከ እዚህ የሚፈጀውን ቀን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሽማግሌው ጉዞ ከየካቲት ማለፍ የለበትም። የሊቦ ሽማግሌዎች የታችኛውን መንገድ፣ የእብናትና የበለሳዎቹ የላይኛውን፣ የፋርጣዎቹ የደብረ ታቦሩን ብትይዙ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ተገናኝተን ማን ወዴት እንደሚሄድ እንቁረጥ።